በማሳኖ በር ላይ ያለው አተር

ማሳኖን የሚያውቅ ሁሉ ቀናተኛ ናት ይላል። ዋሹ አልልም። እኔ ኩሜ፣ በር ለበር የምንተያየው የጨርቅ ማቅለሚያ ቤቷ ሴትዮ፣ ቅናቷን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ሌላው ሰው ግን የሚቀናው በሕያው ነው። ማሳኖ የቀናችው በሞተች ሴት ነው፤ ያውም በመልኳ ሳይሆን በእጅ ጽሕፈቷ። እኔ ካልነገርኳችሁ ሌላው አበላሽቶ ይነግራችኋልና ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

ባሏ ቶኩጂ ቶፉ፣ ማለትም የአኩሪ አተር አይብ፣ ሠሪ ነው፤ አባቱም ቶፉ ሠሪ ነበር። ፊደል የቆጠርነው አብረን ነው፣ ያኔም እንዲሁ ዝምተኛ ነበር። አኩሪ አተሩን ዘፍዝፎ፣ ፈጭቶ፣ ወተቱን አጥልሎ፣ አርግቶ ሲያበቃ የበሩን መጋረጃ አውጥቶ ይሰቅላል። መጋረጃው ከተሰቀለ ሱቁ ክፍት ነው፣ ከገባ ዝግ ነው። እኛ ሰፈር ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልግም። በሰማያዊው ጨርቅ መሃል ነጭ ሆኖ የወጣ አንድ ትልቅ ፊደል አለ፤ አተር ማለት ነው። ያቀለምኩት እኔ ነኝ። የጻፈችው ግን የቶኩጂ የመጀመሪያ ሚስት ሃትሱዬ ናት።

ሃትሱዬ እጇ የተባረከ ነበር። ያንን ፊደል ስትጽፈው የመጨረሻዋን፣ ከታች የምትጋደመዋን ረጅም መስመር፣ ጫፏን ብድግ አድርጋ ነው የተወቻት፤ ከመቀመጫው ሊነሳ እንዳሰበ ሰው። በሰፈራችን ድልድይ የሚያልፍ ሁሉ ያቺን መስመር ቆም ብሎ ያያት ነበር። እኔም ሳቀልማት ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ይደበቃል። ከዚያ ሃትሱዬን የሳንባ በሽታ ወሰዳትና መጋረጃዋ ብቻ ቀረ።

ማሳኖ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ዘመድ አዝማድ መክሮ ከወንዙ ላይኛው መንደር ነው ያመጣት። ለትዳር ዕድሜዋ አልፏል የተባለች፣ ክንደ ብርቱ፣ ምላሷ የማያርፍ ሴት ነበረች። በገባች ማግስት ገንዳውን ስትፈገፍግ፣ የሱቁን ወለል ስታጥብ አይቼ፣ "ቶኩጂ ሰው አገኘ" አልኩ። መጋረጃውን አላሰብኩትም።

እኛ ዘንድ ጠዋት የበሰለው ሩዝ መጀመሪያ የሚቀርበው ቤት ውስጥ ባለው መሠዊያ ላይ ለሙታን ነው፤ ሕያው የሚበላው ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ ማሳኖ በየማለዳው እንፋሎቱ ያልበረደ ሩዝ በትንሽ ሳህን ይዛ በሃትሱዬ ፎቶ ፊት ትንበረከካለች። አንድ ጠዋት ባልዲ ልዋስ ብዬ ስገባ ስታወራት ሰማኋት።

"ይኸው ብይ። ባልሽ አተር እየፈጨ ነው። ባሌን ማለቴ ነው።"

ሳቄን አፍኜ ባልዲውን ሳልዋስ ተመለስኩ። ለሷ ግን የሳቅ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ከሰዓት ደንበኛ ሲቀንስ እኔ ዘንድ መጥታ እግሯን ዘርግታ ተቀመጠችና ሆዷን አራገፈችልኝ።

"ቶፉውን የምቆርጠው እኔ። በቀዝቃዛ ውሃ እጄ የሚሰነጣጠቀው እኔ። ደንበኛው ግን ቀና ብሎ እሷን አይቶ ነው የሚገባው። 'አይ የሃትሱዬ እጅ' ይለኛል፣ ከኔ ቶፉ እየተቀበለ። እኔ ደግሞ ከውስጥ ሆኜ የሚታየኝ የፊደሉ ጀርባ ነው። የሞተች ሴት ቀኑን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትውላለች።"

"ፊደል እኮ ነው፣ ማሳኖ።"

"ፊደል? ሰውዬው ጠዋት ሲሰቅለው አይተሽዋል? ጨርቁን በመዳፉ እንዴት አድርጎ እንደሚያስተካክለው አይተሽዋል? እኔን አንድ ቀን እንደዚያ ነክቶኝ አያውቅም።"

አይቼዋለሁ። እኔም ብሆን እርር ድብን እል ነበር። የኔ ሟች ባል ያቀለምኩትን ጨርቅ ሁሉ እየረገጠ ሲያልፍ ኖሮ "ይሄ ምንድን ነው" ሳይለኝ ነው የሞተው።

ከዚያ ወንዙ የሞላበት ዓመት መጣ። ውሃው ማቅለሚያ ቤቴ ገብቶ ሃትሱዬ ፊደሉን የጻፈችበትን ዋና ወረቀትም፣ ከሱ ላይ በቢላ ቀርጬ ያወጣሁትን የማቅለሚያ ቅርጽም ጠራርጎ ወሰደው። የቀረው በሩ ላይ ያለው ጨርቅ ብቻ ሆነ፤ እሱም በፀሐይ ነጥቶ ጠርዙ ተበልቷል። ቶኩጂ አጣጥፎ አመጣልኝ። ማሳኖም ከኋላው ተከትላ ገባች።

"ከዚሁ ላይ ገልብጠሽ አዲስ አቅልሚልኝ። ለአዲስ ዓመት ይድረስልኝ" አለኝ።

"ከዚህ ቡትቶ ላይ ምን እገለብጣለሁ? መስመሩ የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ እንኳ አይታይም። አዲስ ጽሑፍ ያስፈልጋል።"

"እኔ እጽፈዋለሁ" አለች ማሳኖ።

ቶኩጂ ዞር ብሎ አያት። ክፉ ሰው አይደለም፣ ግን ወንድ ነው። "አንቺ? ብሩሽ ይዘሽ ታውቂያለሽ?"

"እማራለኋ።"

"እንግዲህ ተማሪ። ዓመቱ ሳይወጣ ከደረሰልሽ ያንቺ ይሰቀላል። ካልደረሰልሽ የኔታ ኢናባን ለምኜ የሃትሱዬን ከጨርቁ ላይ እያዩ ይጽፉልኛል።"

በሌላ ሰው ፊት መናገሩ ነው ያበገናት። በቃ፣ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለማሳኖ ነገሩ ሁሉ አንድ ሆነ። ወይ የሷ እጅ በሩ ላይ ይሰቀላል፣ ወይ ዕድሜ ልኳን በሟቿ ሥር ተጎንብሳ ትገባለች፣ ትወጣለች።

ለሃትሱዬም ብሩሽ ያስያዟት የኔታ ኢናባ ናቸው። ማሳኖ ይሄንን ስትሰማ ልትቀር ነበር፤ ግን በሰፈራችን ሌላ አስተማሪ ከየት ይመጣል? ብቻዬን አልሄድም ብላ ጎትታ ወሰደችኝ። የኔታ ጥቁሩን ቀለም ድንጋዩ ላይ በውሃ እያሹ ሳይቸኩሉ አናገሯት።

"የማታውቂውን አትጻፊ። ይሄ ፊደል ጥንት የእህል ስም አልነበረም፣ የዕቃ ሥዕል ነበር። እንደ መሶብ ያለ ባለ እግር ዕቃ። ላይኛዋ መስመር ክዳኑ ናት፣ መሃሉ ሆዱ ነው፣ የታችኛው እግሩና መቆሚያው። ለሙታን ምግብ የሚቀርብበት ዕቃ ነው። ለእህሉ የተዋሱት በኋላ ነው።"

የማሳኖ ፊት ጠቆረ። "ለሙታን?"

"ለሙታን።"

"እሱንማ በየማለዳው እያቀረብኩ ነው፣ የኔታ። አሁን ደግሞ ልጻፈውም?"

የኔታ እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። ከዚያ ብሩሹን አስያዟት። ብሩሹ ቀጥ ብሎ ይቁም፣ ክንድሽ ጠረጴዛውን አይንካ፣ ስትጀምሪ ጫን፣ መሃል ላይ ለቀቅ፣ ስትጨርሺ ቆም ብለሽ አንሺ። በወጣው መስመር ላይ ተመልሶ መደረብ ነውር ነው፤ ተንሻፎም ቢሆን ከእጅሽ የወጣው ወጥቷል። ማሳኖ ቶፉ ሳይፈርስ በመዳፏ ላይ የምትቆርጥ ሴት፣ አንዲት ጋደም ያለች መስመር መሳብ አቅቷት ላብ በላብ ሆነች። የኔታ በራሳቸው እጅ የጻፉትን አርአያ ሰጥተው፣ ቤትሽ ሆነሽ ይሄንን ገልብጪ ብለው ሸኟት። ብሩሽ የሚለመደው እንዲህ ነው፤ የአስተማሪን እጅ እየገለበጡ፣ እጅ እስኪፈታ ድረስ።

ማሳኖ ያንን አርአያ አጣጥፋ መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ከዚያ በኋላ የማያት መንገዱ መሃል ቆማ ነው። መጋረጃው ላይ ዓይኗን ተክላ ጣቷን በአየር ላይ ታመላልሳለች። ሱቅ ውስጥ ስትሆን ደግሞ እርጥብ ጣቷን መቁረጫው ድንጋይ ላይ እያስኬደች ትጽፋለች። ሰፈርተኛው የቶኩጂ ሚስት ነካ አደረጋት ማለት ጀመረ።

"ምን እያደረግሽ ነው?" አልኳት። "የኔታ የሰጡሽ የታለ?"

"የየኔታ ምን ያደርግልኛል? እኔ የምበልጠው የኔታን አይደለም፣ እሷን ነው። የሷን አንድ በአንድ ካልያዝኩ በምን እበልጣታለሁ?"

ለራሷ እንደ ብልሃት ነበር የቆጠረችው። እኔም አልተቃወምኳት፤ የተናደደች ሴት ሥራ ስትይዝ አይቶ ዝም ማለት ይሻላል። በጋውም መኸሩም እንዲህ አለፈ። የኔታ ዘንድ ስትሄድ የጻፈችውን ትዘረጋለች፣ እሳቸው በቀይ ቀለም ያርሙላታል። በኋላ በኋላ ቀዩ እየቀነሰ ሄደ። አንድ ቀን ግን ቀዩን ብሩሽ አንስተው የመጨረሻዋ መስመር ጫፍ ላይ ቆሙ።

"ይቺ ብድግ ያለች ጫፍ እኔ በሰጠሁሽ ላይ የለችም። ከየት አመጣሻት?"

"ከራሴ" አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

የኔታ ብዙ አዩዋት። ከዚያ ወረቀቱ ላይ ትልቅ ቀይ ክብ አደረጉላት፣ እንከን የለውም ማለት ነው፤ ግን ጎሽ አላሏትም። እሷ ክቡን ብቻ ነው ያየችው።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በረዶ በጣለበት ቀን፣ ያንን ፊደል በትልቅ ወረቀት ጽፋ ደረቷ ላይ ታቅፋ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው። በቢላዬ እየቀረጽኩ ያወጣሁት ፊደል ነው፣ እያንዳንዱን መታጠፊያ እጄ ያውቀዋል። የሃትሱዬ ነው። ክዳኑም፣ ሆዱም፣ ሊነሳ ያሰበው የታችኛው መስመርም የሃትሱዬ ነው።

"አማረ?" አለችኝ። ፊቷ እንደዚያ ሲያበራ አይቼ አላውቅም። ያኔውኑ በሩ ተከፈተና ቶኩጂ እንደ ልማዱ ቶፉ በሳህን ይዞልኝ ገባ።

ወረቀቱን አየው። ሳህኑን መሬት ላይ አስቀመጠ። ወረቀቱ ፊት ተንበረከከና ዓይኑ እንባ አቀረረ።

"ከውሃው ተርፎ ነበር?" አለ። "ኩሜ፣ የት አግኝተሽው ነው? የሃትሱዬን ወረቀት ወንዝ ወስዶታል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር።"

ማሳኖን ቀና ብዬ ለማየት ፈራሁ። እሷ ጎንበስ ብላ ወረቀቱን ከፊቱ አነሳችና መሃል ለመሃል ቀደደችው።

ቶኩጂ ሲጮህ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። "ምን አደረግሽ! የሟች እጅ ትቀጃለሽ?"

"የኔ ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"ቅናትሽ ሳያንስ ትዋሺኛለሽ ደግሞ? የሃትሱዬን እጅ የማላውቅ መሰለሽ?"

ማሳኖ ቅርጽ የማወጣበትን ብሩሽና ወረቀት ሄዳ አመጣችና ፊቱ ተቀመጠች። ብሩሹን ቀጥ አድርጋ ያዘች። ክዳኑን ጻፈች። ሆዱን ጻፈች። እግሩን ጻፈች። የመጨረሻዋን መስመር ከግራ ወደ ቀኝ ሳበችና ጫፏን ብድግ አድርጋ ተወቻት።

ቶኩጂ እጇን ነበር የሚያየው፣ ወረቀቱን አይደለም። ከሕያዋ እጅ የሟቿ መስመር ሲወጣ እያየ ፊቱ አመድ መሰለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "ይቅር በይኝ" አላት። "ይሄንን አይደለም የጠየቅኩሽ። ያንቺን ነው ያልኩሽ። እስቲ ያንቺን ጻፊው።"

ማሳኖ አዲስ ወረቀት ዘረጋች። ብሩሹን ቀለም አስነካች። ወረቀቱ ላይ አንጠልጥላ ያዘችው፣ ያዘችው፣ ቀለሙ እስኪንጠባጠብ። ከዚያ አስቀመጠችው።

"የኔማ የለኝም" አለች።

አንጀቴን በላችው። ስንት ጊዜ አልቅሳ አይቻታለሁ፣ የንዴት ነው እያልኩ እስቅባት ነበር። ያን ቀን ግን አላለቀሰችም፤ እጇን ወደ ላይ ገልብጣ የሌላ ሰው እጅ እንደሆነ ሁሉ ታየዋለች። ቶኩጂ የተቀደደውንም ያልተቀደደውንም ወረቀት ለቀመና ሳህኑን እንኳ ሳያነሳ ወጣ።

በዚያ አዲስ ዓመት የቶፉ ቤቱ በር ያለ መጋረጃ ነበር። ደንበኛ ዝግ ነው እያለ ይመለሳል፣ ገሚሱ ቤቱ ውስጥ ሰው ሞቷል ብሎ ሊያስተዛዝን ይመጣል። ማሳኖ በሩ ላይ ቆማ "ክፍት ነው፣ ግቡ" እያለች ስትጣራ ትውላለች። የሃትሱዬን ይስቀል ብትሉኝ እኔም ያንኑ ብዬው ነበር፤ ጨርቁ ቢያልቅ ማሳኖ የገለበጠችው ወረቀት አለልህ፣ አልኩት። "ያንን ወረቀት ማንም አይጠቀምበትም" አለኝ።

እሷ ወደ የኔታ ተመለሰች። የኔታ አልወቀሷትም፤ ጋደም ያለች አንዲት መስመር ብቻ አስጀመሯት፣ ያለ አርአያ። ጫፉ ብድግ ባለ ቁጥር ወረቀቱን ያነሱባታል። ብድግ ማለቱ እስኪለቃት ድረስ ክረምቱ አለቀ። ዛፎች ሲያብቡ የጻፈችውን አመጣችልኝ። ዓይን አይገባም። ክዳኑ ሰፍቷል፣ ሆዱ ወፍሯል፣ የታችኛው መስመር ደግሞ ከብዶ ወደ ግራ አዘንብሏል፤ ተነሺ ብትባል አልነሳም ብላ እንደ ተቀመጠች ሴት። ቶኩጂ ገብቶ አየው።

"የማን ነው?" አላት፣ እያወቀ።

"የኔ።"

"አዎ፣ ያንቺ ነው" አለና ወደኔ ዞረ። "አቅልሚው።"

አቀለምኩት፤ እስካሁንም በራቸው ላይ ያለው እሱ ነው። እኔን ብትጠይቁኝ የሃትሱዬ ይበልጣል። ማሳኖም ጠይቃኝ ይሄንኑ ነግሬያት ከርማ ከርማ ነው ቶፉ የሸጠችልኝ።

ነገሩ በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ባለፈው ዓመት ግን ሆዷን አመማትና ሐኪሞቹ ይከፈት አሉ። ወደ ሆስፒታል የሚወስዳት ታክሲ ድልድዩ ጋ እየጠበቃት እኔ ዘንድ ገባች።

"ያ የራሴን ፊደል የጻፍኩበት ወረቀት አንቺ ጋ አለ አይደል? አቃጥዪልኝ።"

"ለምን ሲባል?"

"እኔ ከሞትኩ ሰውዬው ሌላ ማምጣቱ አይቀርም፣ ቶፉ ብቻውን አይሠራም። የምትመጣዋ ያንን አግኝታ ቁጭ ብላ እንዳትገለብጠው።"

"አዝነሽላት ነው?"

"ምን በወጣኝ አዝንላታለሁ። ቅናት ነው። የኔን እጅ ማንም አይወስዳትም።"

እሺ ብዬ ሸኘኋት። አላቃጠልኩትም። ከሄደች በኋላ ቶኩጂ መምጣት ጀመረ። ከሰዓት ሱቁን ዘግቶ ይመጣና የተገለበጠ ባልዲ ላይ ይቀመጣል። "እስቲ ያንን አሳዪኝ" ይለኛል። ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ፣ የተጨማደደውን በመዳፉ እያስተካከለ ያየዋል። ሲበቃው አጣጥፎ መልሶልኝ ይሄዳል።

ማሳኖ ዳነች። ከስታ፣ ሆዷን በእጇ ደግፋ፣ ከታክሲ ወርዳ መጀመሪያ የመጣችው እኔ ዘንድ ነው። ደስ ይበላት ብዬ ሁሉንም ነገርኳት።

"በየቀኑ?" አለች።

"በየቀኑ።"

"በመዳፉ አስተካከለው?"

"በመዳፉ።"

ዓይኗ ያንን የድሮውን እሳት ለበሰ። "እኔ ሆስፒታል ተኝቼ የመጣው እኮ ሁለቴ ነው። ሁለቴ። በሩ ጋ ቆሞ 'እንዴት ነሽ' ብሎኝ ሄደ። እዚህ ግን በየቀኑ ወረቀት ይደባብሳል።"

"ያንቺው ወረቀት እኮ ነው፣ ማሳኖ።"

"የኔ ነው። እኔ ግን አይደለሁም።"

ወረቀቱን ከእጄ ነጠቀችና ማቅለሚያዬን የማፈላበት እሳት ውስጥ ጨመረችው። ተቃጥሎ እስኪያልቅ ቆማ አየችው። ከዚያ ጎንበስ እንዳለች መንገዱን ተሻገረች።

ቶኩጂ በሩ ላይ ነበር፤ ንፋስ ያጠፈውን መጋረጃ በመዳፉ እያስተካከለ። መመለሷን አላየም። ከኋላው ደረሰችና እጁን ከጨርቁ ላይ አንስታ፣ መዳፉን በራሷ ጉንጭ ላይ ለጠፈችው። በጠራራ ፀሐይ፣ ደንበኛ እያየ። እኛ ሰፈር እንዲህ ያለ ነገር ሰው ፊት አይደረግም። ቶኩጂ ዙሪያውን አየ፣ ፊቱ ቀላ፣ እጁን ግን አልወሰደም።

እኔ ወደ ማቅለሚያዬ ተመለስኩ። ምን ይደበቃል፣ ቀንቻለሁ።